ማንግሮቭ በቤት አኳሪየም፦ ጨው የቻለ ዛፍ ለምን ይከሳል?

ማንግሮቭን፣ በሞቃት ባሕር ዳርቻ የሚበቅለውን ዛፍ፣ በዓሣ ገንዳ ለማሳደግ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጨው ነው። ስንት ግራም ልጨምር? የትኛውን ጨው? በምን ልለካው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸውም ከታች አለ። ግን በቤት ውስጥ የሚጠፉትን ማንግሮቮች ያየ ሰው ሌላ ነገር ያስተውላል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ዓሣዎቹ ጤነኛ ናቸው፣ የጨዉ መጠን ልክ ነው፤ ዛፉ ግን ቅጠሉ ገርጥቶ፣ እድገቱ ቆሞ፣ ከወር ወር እየከሳ ይሄዳል። ይህ ዛፍ ተርቧል።

ነገሩን በተግባር ያሳየ ሥራ ከእኛው ሰፈር፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጎርደን ሳቶ ምጽዋ አጠገብ፣ ሕርጊጎ በምትባል መንደር፣ ምንም ባልነበረበት የባሕር ዳርቻ ማንግሮቭ ተከሉ። ሳቶ በልጅነታቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ከሌሎች የጃፓን ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንዛናር በሚባል ካምፕ ታግተው ነበር፤ ፕሮጀክታቸውንም በዚያው ስም ጠሩት። ያስተዋሉት ነገር ቀላል ይመስላል። በዚያ ዳርቻ ማንግሮቭ የሚበቅለው በዝናብ ወቅት ጎርፍ ከየብስ ወደ ባሕር በሚወርድበት ቦታ ነበር። ብዙ ሰው ምክንያቱ ጎርፉ ጨዉን ስለሚያቀጥነው ነው ብሎ ያስባል። ሳቶ ግን ጎርፉ ይዞት የሚመጣውን ተመለከቱ። የባሕር ውሃ ዛፍ የሚፈልገውን ማዕድን ሁሉ ሲይዝ በበቂ መጠን የማይገኝበት ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት ነው። እናም እኛ ገበሬ ማሳ ላይ የምናውቃቸውን ዩሪያና ዳፕ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ከረጢቱን በምስማር ጥቂት ቦታ በስተው፣ ከቁራጭ ብረት ጋር ከችግኙ አጠገብ ቀበሩ። ዛፎቹ በቀሉ፤ ቅጠላቸውም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ።

የቤት አኳሪየም፣ በተለይ በደንብ የሚጣራ፣ ልክ እንደዚያ ባዶ ዳርቻ ነው። ይህን ከያዝን ሌላው ሁሉ ቦታውን ያገኛል።

የትኛው ዓይነት?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያሳድግ ሰው ቀዩን ማንግሮቭ፣ ሪዞፎራ ማንግልን እመክራለሁ። በፍሎሪዳና በካሪቢያን የሚበቅለው፣ እንደ ሸረሪት እግር የቀሰቱ ሥሮች ያሉት ይኸው ነው። ውሃው ቋሚ ከፍታ ላይ ቢቆይም ይኖራል፣ በጨው አልባ ውሃም ያድጋል። ጨዉን የሚከላከለው ሥሩ ላይ ነው፤ ውሃውን ሲስብ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነውን ጨው ከውጭ አስቀርቶ ይስባል።

በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በብዛት ያለው አቪሴኒያ ማሪና ነው። አቡ ዳቢ ወይም ሙስካት የምትኖሩ ቁርም የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ፤ ስሙ የዚህ ዛፍ የአረብኛ ስም ነው። ይህኛው ጨዉን በቅጠሉ በኩል ያወጣል። ጠዋት ቅጠሉን በጣታችሁ ብትዳስሱት እንደ ደቃቅ ስኳር የሚሻክር ነገር ይሰማችኋል፤ ብትቀምሱት ጨው ነው። ውብ ዛፍ ነው፤ ለአኳሪየም ግን አስቸጋሪ ነው። የሚተነፍሰው ከጭቃው ወደ ላይ እንደ እርሳስ በሚያቆማቸው ሥሮች ስለሆነ፣ እነዚህ ሥሮች ሌት ተቀን ውሃ ውስጥ ከተዋጡ ይታፈናል። ስለዚህ በታይመር የሚሠራ ፓምፕ እና ሁለተኛ ገንዳ አዘጋጅታችሁ፣ ውሃውን በቀን ሁለት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ መልሶ የሚሞላ ሥርዓት መፍጠር ይኖርባችኋል። ይህን ለመሥራት የተዘጋጀ ሰው ፍሬውን ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፈው፤ ቅርፊቱ በራሱ ይለቃል። ከዚያ ጭቃው ላይ አጋድሞ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫን ማድረግ ነው፤ አፈር አይለብስም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ቀዩ ነው።

ተክሉ ከየት እንደሚመጣም አስቡበት። ማንግሮቭ በብዙ አገር በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከደን ነቅሎ መውሰድ አይገባም። ድንበር የሚሻገር ተክል ደግሞ የእፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠየቃል። ጥንቃቄው በሌላም በኩል ያስፈልጋል፦ ቀዩ ማንግሮቭ በ1902 ወደ ሃዋይ ሞሎካይ ደሴት ተወስዶ ከተተከለ በኋላ ተስፋፍቶ ዛሬ እንደ ወራሪ ተክል ነው የሚታየው። የምታሳድጉትን ወይም የተረፋችሁን ወደ ተፈጥሮ ውሃ አትጣሉ።

ከዘንጉ ሲጀመር

ቀዩ ማንግሮቭ እንደ ሌላ ዛፍ ፍሬ ጥሎ መሬት ላይ አይበቅልም። ዘሩ እናቱ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ይበቅልና ረጅም አረንጓዴ ዘንግ ይሆናል፤ ፕሮፓጉል ይባላል። ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ስትመርጡ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ ጫን በሉት፤ እንደ ጥሬ ካሮት ጠንካራ መሆን አለበት። የተሸበሸበ፣ ለስላሳ ቦታ ያለው፣ ወይም ጫፉ የተሰበረ አትውሰዱ።

የሚበዛው ስሕተት እዚህ ይጀምራል፦ ተገልብጦ ይተከላል። ዘንጉን በቅርብ ተመልከቱት። አንደኛው ጫፍ ቀጠን ያለ ነው፤ ከፍሬው የተላቀቀበት ቀለበት መሳይ ምልክት አለው፣ ከቀለበቱ በላይ ደግሞ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ሹል የሆነች የቅጠል እንቡጥ ትታያለች። ይህ ላይኛው ነው። ሌላኛው ጫፍ ወፈር ብሎ መጨረሻው ላይ የሚሾልና ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው፤ ሥር የሚወጣው ከዚህ ነው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ሰፊ ባልዲ ውስጥ አንሳፉት። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ሥር የሚያወጣው ጫፍ እየከበደ ወደ ታች ይዘቀዝቃል፤ ዛፉ ራሱ ይነግራችኋል።

ገና ያልተተከለውን ዘንግ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ በፕላስቲክ ማቆየት ይቻላል። ፍሪጅ ግን ይገድለዋል፤ የሞቃት ባሕር ተክል ነው።

እንቡጧን ከሁሉ በላይ ጠብቋት። ዘንጉ ሌላ መተኪያ በቀላሉ አያወጣም፤ እሷ ከተሰበረች ወይም ውሃ ውስጥ ተዘፍቃ ከበሰበሰች አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ አብቅቶለታል። ስለዚህ ታችኛው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጋችሁ ዘንጉን አቁሙት። ፎም ቁራጭ ቀዳዳ አድርጎ በመሐሉ ማሳለፍ በቂ ነው፤ ወይም በገንዳው ጠርዝ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ላላ አድርጎ ማሰር። አጥብቆ ማሰር ዘንጉ ሲወፍር ያንቀዋል። ሲሊኮንም ሆነ ሙጫ አትቀቡት። በዘንጉ ላይ የምታዩዋቸው ደቃቅ ነጠብጣቦች የአየር ቀዳዳዎች ናቸው፤ ዛፉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። አልጌ ሲሸፍናቸውም ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በውሃ አርሳችሁ አጽዱት። ዘንጉን እስከ ግማሹ አሸዋ ውስጥ መቅበር የሚገድለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ከታች ይበሰብሳል።

ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጫጭ የሥር ጫፎች ብቅ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች እስኪከፈቱ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ተኩል ይፈጃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዘንጉ ውስጥ በተጠራቀመ ስንቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ ምንም አይጠቅመውም። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሥሩን ለማየት በየቀኑ እያወጡ ማገላበጥ ገና ያልጠነከረውን የሥር ጫፍ ይሰብረዋል።

ገንዳውና ጭቃው

60 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከላይ ክፍት ገንዳ ለሦስት ወይም ለአራት ዛፍ ይበቃል። ውሃው 18 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ 43 ሊትር ያህል ነው፤ መትከያዎቹና አሸዋው የሚይዙት ሲቀነስ በግምት 35 ሊትር ውሃ ይቀራል። ከዚህ በታች የምሰጠው ስሌት በዚህ መጠን ነው።

ሙሉ ወለሉን በጭቃ ከማልበስ እያንዳንዱን ዛፍ በራሱ መትከያ ማኖር ይሻላል። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የፕላስቲክ መትከያ ውሰዱ። ሁለት እጅ ደቃቅ የታጠበ አሸዋ ከአንድ እጅ ዋልካ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉት፤ አፈሩ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት፣ ፍግ ያልገባበት መሆን አለበት። ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር ንጹሕ አሸዋ አልብሱት፤ ውሃው እንዳይደፈርስ የሚከላከለው ይህ ነው። ሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጣታችሁን አስገብታችሁ ጉድጓድ ክፈቱ፣ ሥሩን ሳታጥፉ አስገቡ፣ አሸዋውን በቀስታ መልሱ። ዘንጉ ራሱ የሚቀበረው 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

ጭቃው ለምን አስፈለገ? መልሱ ብረት ነው። የባሕር ውሃ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ 8 አካባቢ ነው፤ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ፣ አየር እስካለ ድረስ፣ ብረት ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል እንጂ ሟሙቶ አይቆይም። ጭቃው ውስጥ ግን አየር ስለሌለ ብረቱ በሚሟሟ መልኩ ይቆያል፣ ሥሩም ያገኘዋል። ማጣሪያ ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ ፍርግርግ ላይ ሥራቸው ተንጠልጥሎ የሚቆሙ ማንግሮቮች ቶሎ የሚገረጡት ለዚህ ነው።

የጭቃው ታችኛ ክፍል ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፤ አትደንግጡ፣ አትቆስቁሱትም። ስትነካኩት የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል፤ ለዓሣዎቹ መርዝ ነው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ወይም ቡናማና ጠንካራ ነው። ጥቁር ሆኖ በጣት ሲነካ የሚላላ ከሆነ በስብሷል።

አንድ ጊዜ የያዘ ዛፍ አይነቀል። መዛወር ካለበት ከነመትከያው ይዛወር። ሥሩ የተነካካ ማንግሮቭ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል፤ ከዚያ መመለሱ አጠራጣሪ ነው።

እንደ ፖስታ ካርድ ሥዕል የቀሰቱ ሥሮች እንዲወጡላችሁ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። የታችኛው ጫፍ ከአሸዋው 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ውሃው ላይ ይቁም፤ ሥሮቹ ራሳቸው ወርደው አሸዋውን ይፈልጉ። አሸዋውን ይዘው ከጠነከሩ በኋላ የውሃውን ከፍታ በየወሩ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ። ከግንዱ ጎን የሚወጡት እውነተኛዎቹ ደጋፊ ሥሮች ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይተው ነው የሚመጡት። ሲመጡ ወደ ፓምፑ እንዳይገቡ የፓምፑን አፍ በመረብ ሸፍኑ።

ጨውና ውሃ

ሦስት መንገድ አለ፦ ጨው አልባ ውሃ፣ መካከለኛ ጨው፣ ሙሉ የባሕር ጨው። ለዛፉ የሚመቸው መካከለኛው ነው፤ በሊትር ከ10 እስከ 15 ግራም። የውሃ ጨው በሚለካበት መሣሪያ፣ በሪፍራክቶሜትር ላይ ከ1.008 እስከ 1.012 ገደማ ይነበባል። ለ35 ሊትር ውሃ በሊትር 12 ግራም ብትሉ 420 ግራም ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ነው። ሌላ ዕቃ ውስጥ በጥብጡ፣ ፓምፕ ከትታችሁ 24 ሰዓት አዋሉት፣ ለክታችሁ አስተካክሉ፤ ጨዉ ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ የመጀመሪያው ንባብ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ማጥፊያ ቀድሞ ይግባበት።

የገበታ ጨው አይሆንም። ከአፍዴራም ይምጣ ከሌላ፣ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም በልኩ የለውም። አዲስ አበባ ሆናችሁ የባሕር ጨው ማግኘት ከከበዳችሁ በገበታ ጨው ከምትሞክሩ ዛፉን በጨው አልባ ውሃ ብታሳድጉት በብዙ ይሻላል። ቀዩ ማንግሮቭ ጨውን ይችላል እንጂ ጨው ካላገኘ አልኖርም አይልም።

የጨዉን ደረጃ ለመምረጥ ጥሩው ጊዜ ሥር ከመውጣቱ በፊት ነው። ቅጠልም ሥርም የሌለው ዘንግ ለውጥን ይታገሣል፤ ሥሩም የሚሠራው ለበቀለበት ውሃ ተስማምቶ ነው። ቅጠል ያወጣን ዛፍ ወደ ሌላ ጨው ስታዛውሩ ግን በየ3 ቀኑ በሊትር ከ2 ግራም በላይ አትጨምሩ። ከ12 ወደ 34 ግራም ለመድረስ በዚህ አካሄድ 33 ቀን ይወስዳል። የቸኮለ ሰው የሚያየው ይታወቃል፦ በአንድ ቀን ውስጥ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ በሳምንቱ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል።

የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ይህን የረሳ ሰው ሳያውቀው ገንዳውን ጨው በጨው ያደርገዋል። ክፍት ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ያህል ሊያተን ይችላል። በሳምንት 7 ሊትር ጎደለ ብላችሁ በሊትር 12 ግራም ባለው ውሃ ብትተኩት 84 ግራም ጨው ጨመራችሁ ማለት ነው፤ በአራት ሳምንት 420 የነበረው 756 ግራም ይሆናል፣ በሊትር ወደ 22 ግራም ይጠጋል። መስታወቱ ላይ በፕላስተር መስመር አበጁና በየቀኑ እስከዚያ መስመር ጨው አልባ ውሃ ሙሉ። ጨው ያለው ውሃ የሚጨመረው የገንዳውን ውሃ ቀድታችሁ ስትቀይሩ ብቻ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ 5 ሊትር በቂ ነው።

ውሃው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ 75 ወይም 100 ዋት ማሞቂያ ለ35 ሊትር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ዙሪያውን ሸፍኑት፤ ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆየዋል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ደግሞ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው እንደገና ሽቅብ እንዲወጡ አድርጉ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ጨዋማ ጠብታ ሶኬት ሳይደርስ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ብርሃንና አየር

ቅጠሎቹ ከውሃ በላይ ስለሆኑ ለዓሣው የገጠማችሁት መብራት አይደርስላቸውም። ሰማያዊ የኮራል መብራት ብቻውንም አይበቃም። ከ20 እስከ 30 ዋት የሆነ፣ 6,500 ኬልቪን ነጭ ኤልኢዲ ከቅጠሎቹ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ በታይመር በቀን 12 ሰዓት ይብራ። የጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት ካለም በጣም ጥሩ ነው። ግንዱ ቀጥኖ፣ በቅጠል ጥንዶቹ መካከል ያለው ርቀት እየረዘመ ከሄደ ብርሃን አንሶታል።

የደጋው ደረቅ አየር ሌላ ችግር ያመጣል። አዲስ ጥንድ ቅጠል የሚወጣው በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው፤ ሁለቱ ቅጠሎች አንዱ በሌላው ላይ ተጠቅልለው እንደ ሹል እርሳስ ይቆማሉ። በጊዜው ሽፋኑ ይላቀቅና ይወድቃል፤ ግንዱ ላይ ቀለበት ይተዋል። አየሩ ሲደርቅ ግን ሽፋኑ ደርቆ ይጣበቃል፣ ቅጠሎቹም በውስጡ ታንቀው የተጨማደዱ ሆነው ይወጣሉ። በጣት አትላጡት። ጠዋት ጠዋት ጨው አልባ ውሃ በስፕሬይ እንቡጡ ላይ ርጩ፤ ላልቶ በራሱ ይለቃል። ይኸው ርጭት ከገንዳው እየፈናጠረ ቅጠል ላይ የሚደርቀውን ጨውና አቧራም ያጥባል።

መመገብ

ሁለተኛው ጥንድ ቅጠል ሲከፈት የዘንጉ ስንቅ እየተገባደደ ነው፤ ከዚህ በኋላ ዛፉን እናንተ ትመግቡታላችሁ። ጥሩ ምንጩ ዓሣ ነው። በመካከለኛ ጨው ውሃ አራት አምስት ሞሊ ዓሣ ብታኖሩ፣ ከምግባቸውና ከኩሳቸው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይገኛል። የናይትሬት መለኪያው በሊትር ከ5 እስከ 20 ሚሊ ግራም ቢያሳይ ለዛፉ መልካም ነው። ሳምንት ከሳምንት ዜሮ የሚያሳይ ከሆነ በንጽሕናው አትኩራሩ፤ ዛፉ የሚበላው አጥቷል።

ሸርጣን ለማኖር የሚፈልግ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ቅጠልና እንቡጥ የሚበሉ ብዙ ዓይነት አሉ፣ አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል።

ከዓሣው በተጨማሪ ለአኳሪየም ተክል የተሠራ የሥር ማዳበሪያ፣ አንድ ታብሌት፣ በየ3 ወሩ ከግንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወደ ጭቃው 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበር። ሽሪምፕ ወይም ኮራል ካላችሁ መዳብ እንደሌለበት ማሸጊያው ላይ አንብቡ። የሳቶን ዘዴ አይቶ ዩሪያና ዳፕ ወደ ዓሣ ገንዳ መክተት ግን ዓሣውን መጨረስ ነው። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ ፒኤች 8 በሆነ ውሃ ደግሞ የአሞኒያ መርዛማነት ይበረታል። ባሕሩ ያንን ያጥበዋል፤ 35 ሊትር ግን የትም አያደርሰውም።

ዛፉ ምን እንደጎደለው የምታውቁት የትኛው ቅጠል እንደገረጣ በማየት ነው። ናይትሮጅንና ማግኒዚየምን ዛፉ ከአሮጌ ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ እጥረቱ የሚታየው ታች ባሉት ቅጠሎች ላይ ነው። ሙሉ ቅጠሉ እኩል ከገረጣ ናይትሮጅን፣ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ከሆነ ማግኒዚየም ነው። ብረትን ግን ከአሮጌው ማዛወር አይችልም። ስለዚህ ላይኛው አዲስ ጥንድ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሲሆን የጎደለው ብረት ነው፤ ኬሌት የሆነ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ሟሙቶ እንዲቆይ የተዘጋጀ፣ ፈሳሽ ብረት ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ግማሽ መጠን ጀምሩ። የገረጣው ቅጠል ብዙም ላይመለስ ይችላል፤ ውጤቱን ቀጥሎ በሚወጣው ጥንድ ላይ ጠብቁ። ማግኒዚየም በሙሉ የባሕር ጨው በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም አካባቢ ሊሆን ይገባል፤ በ12 ግራም ጨው ደግሞ 450 ገደማ። ታች ያለ አንድ አሮጌ ቅጠል አልፎ አልፎ ቢጫ ሆኖ መርገፉ ግን የዛፉ ልማድ ነው።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚነገር አንድ ነገር ማረም እወዳለሁ። ማንግሮቭ ናይትሬትና ፎስፌት እንዲያጸዳ ተብሎ ማጣሪያ ክፍል ውስጥ ይተከላል። ማንሣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጣት ዛፍ አንድ ጥንድ ቅጠል ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጅበታል። የሚያነሣውም ያበቀለውን ያህል ብቻ ነው። ኬቶሞርፋ የሚባለው ክር መሰል አልጌ በዚያው ጊዜ እፍኝ እፍኝ እየታጨደ ይወጣል። ውሃ ለማጥራት አልጌውን ተጠቀሙ። ማንግሮቭን ለዛፍነቱ ትከሉት፤ ለማጥሪያነት ተተክሎ በንጹሕ ውሃ መራቡ ያሳዝናል።

ተባይ ከመጣ፣ በደረቅ ክፍል ውስጥ በብዛት የሚመጡት ነጭ ጥጥ መሳይ ተባይ፣ ቅርፊት መሳይ ተባይና ሸረሪት መሳይ ደቃቅ ተባይ ናቸው። 70 በመቶ አልኮል በጥጥ ነክራችሁ፣ ጠብታው ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ከታች ፎጣ ይዛችሁ አንድ በአንድ ጥረጉ። ፀረ ተባይ ገንዳ ላይ አይረጭም።

መግረዝ

ሳይገረዝ የቀረ ቀይ ማንግሮቭ ቀጥ ብሎ ወደ መብራቱ ይወጣል። አራተኛው የቅጠል ጥንድ ተከፍቶ ሲጠነክር ጫፍ ላይ ያለችውን እንቡጥ በንጹሕ መቀስ ቁረጡ፤ ከሥሯ ያሉትን ቅጠሎች አንዱንም አትንኩ። ሪዞፎራ ከብዙ ዛፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቅጠል ያልቀረበት አሮጌ ግንድ እንደ ባሕር ዛፍ ጉቶ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ከቅጠሎቹ በታች የተቆረጠ ቅርንጫፍ እስከ መነሻው ይደርቃል። አረንጓዴውን ዘንግ ራሱን መቁረጥማ ዛፉን መግደል ነው።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ጫፍ በላይ አትግረዙ፤ በጎደለ ምግብ ወይም በብርድ ላይ ያለን ዛፍም አትንኩ። ከተቆረጠ በኋላ በላይኛው ጥንድ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ስፍራ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ደቃቅ እንቡጦች ያብጣሉ፤ መጀመሪያ ከስንዴ ዘር አይበልጡም። ያን ጊዜ ስፕሬዩን በቀን ሁለት ጊዜ አድርጉት፣ መብራቱንም እንቡጦቹ ከሚያድጉበት አቅጣጫ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት።